ማንም ያላነበባቸው ሁለት መስመሮች

መነጽር ሠሪያችን ግጥም የተወው በጭብጨባ ምክንያት ነው። ሰው በስድብ ይተዋል፣ በፉጨት ይተዋል፤ እሱን ያንገሸገሸው ግን ጭብጨባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ያህል የአንድ የግጥም ማኅበር አባል ነበር። ማኅበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ባለች ጠባብ አዳራሽ ይሰበሰባል። አሥራ ሁለት ገጣሚ፣ አሥራ ሁለት ወንበር። አሥራ ሦስተኛ ወንበር አስፈልጎ አያውቅም። አንዱ ተነሥቶ ሲያነብ አሥራ አንዱ አንገታቸውን ዘንበል፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያዳምጣሉ፤ የሚያዳምጡት ግን በልባቸው የሚያነበንቡትን የራሳቸውን ግጥም ነው። ከዚያ ጭብጨባ። አንብቦ የጨረሰ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ውልቅ ይላል። የመጨረሻው ባለተራ የሚያነበው ለወንበሮቹ ነው ማለት ይቻላል።

ሰውየው ይህን ሁሉ ዓመት ሳያይ ኖረ። የሰው ዓይን እየለካ እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ዕውር ነበር። ማየት የጀመረው እናቱ በሞተችበት ዓመት ነው። ስለ እሷ የጻፈውን ግጥም ድምፁ እየተቆራረጠ አነበበ። ተጨበጨበለት። ከጎኑ የሚቀመጠው፣ ጢሙን በኪሱ ማበጠሪያ የሚያበጥር ገጣሚ፣ ትከሻውን ቸብ አድርጎ «ግሩም ነው! እኔ ከማን ቀጥሎ ነበርኩ?» አለው።

በሳምንቱ ያንኑ ግጥም አንድ ቃል ሳይለውጥ መልሶ አነበበው። ተጨበጨበለት። «ይሄኛው ካለፈው ይሻላል» ያሉም ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሰይጣን ሹክ አለውና የዚያኑ የጢማሙን ግጥም ከማኅበሩ መጽሔት ገልብጦ የራሱ አስመስሎ አነበበ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ማን ይመስላችኋል? ጢማሙ ራሱ! ያውም ቆሞ። «ወንድሜ፣ ዛሬ ገና የራስህን ድምፅ አገኘህ!» ብሎ አቀፈው።

እሱም ወረቀቱን አጠፈ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ደረጃውን ወረደ። ከዚያ ወዲያ አዳራሹን አልረገጠም። ከቀሩት አሥራ አንዱ ማንም «የት ገባ?» ብሎ አልጠየቀም። ወንበሯን ለካፖርት ማስቀመጫ አደረጓት አሉ።

ይህን የሰማሁት ከራሱ አንደበት ነው፤ የቀረውን ከታናሽ እኅቱ፣ አንዳንዱንም ከልብስ ሰፊዋ። ልብስ ሰፊዋ ጋ እንደርሳለን።

ግጥምን ከተወ በኋላ ምን ቀረው ብትሉ፣ ሱቁና ከሱቁ ጀርባ ያለች ክፍሉ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ድስት አላት። ምግቡን ቆሞ ይበላል፤ «ለአንድ ሰው ብሎ ማን ገበታ ያቀርባል?» ይላል። እሑድ እሑድ እኅቱ ትመጣና ሸሚዞቹን እየቆጠረች ትቆጣዋለች።

«ጋሼ፣ ሰው ፈልግ።»

«ምን የሚሉት ሰው?»

«የሚናገር። የሚቆጣ። ሲያሻው የሚያኮርፍ።»

«ለዚህማ አንቺ አለሽልኝ።»

«እኔ ባልና ሦስት ልጅ አለኝ፤ አንተን ለማኩረፍ የማገኘው እሑድን ብቻ ነው» ትለዋለች።

በቀሉን የተወጣው በካርድ ነው። መነጽር ቤት ገብታችሁ የምታውቁ፣ የቅርብ ዕይታ ሲለካ አንድ ካርድ እንደሚሰጣችሁ ታስታውሳላችሁ። ላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል ይጀምርና ወደ ታች እየወረደ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ መጨረሻው ላይ የጉንዳን ዱካ ይሆናል። ካርዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን በቃሉ የያዘ ሰው ቢኖር ሌላው ይሰጠዋል። ከመሣሪያው ጋር የመጡለት ካርዶች አንዱ ስለ ዝናብ፣ አንዱ ስለ መንገድ ጥገና የሚያወሩ ደረቅ ጽሑፎች ነበሩ። ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ፣ በምትካቸው የራሱን ግጥም አሳትሞ አንድ ካርድ አደረገ። «ሰው ወዶ ካላነበበ ተገዶ ያንብብ!» አለ።

ካርዱ እንዲህ ይላል፦

ጨረቃ ብቻዋን በሰማይ ስትሄድ፣
እኔም ብቻዬን ነኝ በምድር መንገድ፤
ወንዝ ነበርኩ እኔስ ባሕር የናፈቀ፣
በአሸዋ መሐል ጉዞው የደረቀ።
ማታ በር ስከፍት ማንም አይጠይቀኝ፣
«ምነው ቆየህ» የሚል አንድ ድምፅ ናፈቀኝ።

ጨረቃዋ በአውራ ጣት ልክ ተጽፋለች። ወንዙም ደህና ይታያል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መስመሮች ግን በጉንዳን ዱካ ነው የተጻፉት። ደንበኛ እዚያ ሲደርስ እሱ ራሱ ቶሎ ብሎ «እሱን ይተዉት፣ እሱ ለወጣት ዓይን ነው» እያለ ካርዱን ይቀበላል።

አራት ዓመት ሙሉ ሹፌሩ፣ መምህሩ፣ ጥበቃው፣ የቤት እመቤቷ እየተቀመጡ ግጥሙን ጮክ ብለው አነበቡለት። እንደዚያ ያለ አንባቢ ጢማሙ በሕልሙም አላገኘ። «እህ፣ እንዴት ነው?» ይላቸዋል፣ የተወው ነገር ሳያስበው እየቆነጠጠው። «በጣም ግልጽ ነው ዶክተር» ይሉታል። (ዶክተር አይደለም፤ ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ነው። እሱም አልከለከለም።) «ወንዙ ላይ ትንሽ ያጭበረብራል እንጂ ጨረቃዋ ቁልጭ ብላለች።» ሂስ ማለት ይህ ነው እንግዲህ። ከዚህ የተሻለ ከማኅበሩም አልሰማም።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሱቁ መምጣት የጀመረችው በእናቷ ሰበብ ነው። እናትዬዋ መነጽራቸውን ሶፋ ላይ አስቀምጠው እላዩ ላይ የመቀመጥ አመል አላቸው። በየጥቂት ወሩ ጥምዝምዙ የወጣ መነጽር በመሐረብ ጠቅልለው፣ ልጃቸውን አስከትለው ይመጣሉ።

«መነጽር ነው የሸጥክልኝ እንቁላል?» ይሉታል።

«እማማ፣ መነጽር እኮ ለዓይን ነው የተሠራው፤ ለሌላ ቦታ አይደለም።»

«ተው አንተ ባለጌ! ባለፈውም እንዲህ ብለኸኛል።»

እሱ መነጽሩን እስኪያቃና ልጅቷ (ልጅ ስላት አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለእናት መቼም ሁሌም ልጅ ነው) አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የሚነበብ ነገር ስለሌለ ካርዱን አንሥታ ታነባለች። ቀና ብላ አታውቅም፣ አስተያየት ሰጥታ አታውቅም፤ እሱም ልብ ብሏት አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ብቻዋን መጣች።

«እናትዎስ?» አላት።

«ደህና ናት። እኔ ነኝ። ማለቴ… ዓይኔ ምንም አልሆነም፤ የስፌት ቤታችን መብራት ነው የደከመው። ለማንኛውም እስቲ ይዩልኝ።»

አስቀመጣት፤ ካርዱንም ሰጣት። አንዱን ዓይኗን ሸፍና እንደ ውኃ አወረደችው፤ ጨረቃውን፣ ወንዙን፣ አሸዋውን። «እሱን ይተዉት» ሊል አፉን ሲከፍት ቀጠለች። «ማታ በር ስከፍት ማንም አይጠይቀኝ፣ ምነው ቆየህ የሚል አንድ ድምፅ ናፈቀኝ።»

የያዘውን ሌንስ አስቀመጠ። ሁለቱን መስመሮች ከራሱ አፍ ውጭ ሲሰማቸው በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ሙያውን የሚያከብር ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። አርባ ሦስት ዓመት የሞላው ዓይን ያንን ፊደል ያለ መነጽር አያነብም፤ ይህን ገና ጋዋን በለበሰ በሳምንቱ ያውቀዋል። ደግሞ ሴትየዋ ስታነብ ዓይኗ ካርዱ ላይ ሳይሆን ከካርዱ በላይ መስኮቱ ላይ ነበር። መሳቢያውን ስቦ ከድሮዎቹ ካርዶች አንዱን መስጠት ብቻ ይበቃው ነበር። ግን የትኛው ገጣሚ ነው የተነበበለት ቀን የሚጠረጥር? ከማኅበሩ ወጣሁ ይላል እንጂ ማኅበሩ ከእሱ አልወጣም።

«የንስር ዓይን ነው ያለዎት!» አላት። «መነጽር ለምን ሲሉ!»

ደስ ብሏት ሄደች። እሱም ያን ቀን ሱቁን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

በሳምንቱ ማክሰኞ በሩ ብርግድ ሲል ቀና አለ። እሷ ናት። አመልካች ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በሌላው እጇ አንድ ጥቁር ጃኬት ይዛለች። መደርደሪያው መስተዋት ላይ ጣለችለት።

«ዶክተር፣ ይኼ ምንድነው?»

«ጃኬት… ይመስለኛል።»

«ስፌቱን ይዩት! ኮሌታውን ይዩት! ሰካራም የሄደበት መንገድ አይመስልም?»

ነገሩ ወጣ። ስፌት ቤቷ ለአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ጃኬት ይሰፋል። ጥቁር ጨርቅ፣ በጥቁር ክር። የደከመ ዓይን ጥቁር በጥቁር ላይ ምንም አያይም። ሰባት ጃኬት አበላሽታ ሰባቱም ተተረተሩ። ስምንተኛው ላይ የማሽኑ መርፌ ጥፍሯን በስቶ ወጣ። ኃላፊዋም ጠርታ «እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከልሽ ከማሽኑ ትነሺና ወደ ልብስ ማጠፊያው ትሄጃለሽ» አለቻት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው እዚያ ማሽን ላይ የተቀመጥኩት» አለች። «ማጠፊያ የሚላከው መርፌ መያዝ ያልቻለ ነው። እዚያ የገባ ሰው ወደ ማሽን ሲመለስ አላየሁም።»

«ግን እኮ አነበቡት! እስከ መጨረሻው!»

«በቃሌ ነዋ!»

«በቃልዎ?»

«እናቴን ስንት ዓመት ሙሉ ሳመላልስ ሌላ ምን ነበረኝ የማነበው? አንተስ የዓይን ሰው አይደለህ? ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ሲያታልልህ አታይም?» በንዴት «እርስዎ»ው የት እንደ ገባ አልታወቀም።

«ለምን አታለልሽኝ?» አለ እሱም እሷን ተከትሎ «እርስዎ»ውን ጥሎ።

ጃኬቱን መልሳ ማጣጠፍ ጀመረች።

«እናቴ ‘መነጽር ካደረግሽ ማን ያገባሻል?’ ትለኛለች። ‘ሳላደርግስ ማን አገባኝ?’ እላታለሁ። እንዲህ እያልኩም ግን ፈራሁ። ይኸው ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እዚህ ቤት እንደሱ ተብሎ አይማልም» አላት። አልሳቀችም።

«ደግሞ ይህን የጻፈው ማነው?» አለች ካርዱን በተፋሸው ጣቷ እየጠቆመች።

«ምነው?»

«ውሸታም ነው። ጨረቃ ብቻዋን ናት ይላል፤ በዚያ ሁሉ ኮከብ መሐል! ወንዝ ነበርኩ ይላል። ወንዝ የሆነ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ አንድ ክፍል ተከራይቼ አሥራ ስድስት ዓመት ብቻዬን ስኖር አንድ ቀን ወንዝ ሆኜ አላውቅም። ደክሞኝ ነው የምገባው። እግሬን ታጥቤ ነው የምተኛው።»

«ታዲያ ለምን በቃልሽ ያዝሽው?»

«የታችኞቹን ሁለቱን ነው የያዝኩት። የላዮቹ አብረው ገቡ እንጂ ማን ፈለጋቸው? ከሥራ ስገባ ቁልፉን ሳዞር ይመጡብኛል። እነሱ እውነት ናቸው። ሰውየው ግን ውሸቱን ግድግዳ በሚያክል ፊደል ለጥፎ፣ እውነቱን ማንም እንዳያየው ከታች ሸጉጦታል። እንዲህ ያለ ፈሪ አይቼ አላውቅም።»

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ፈሪው።»

እሷም አየችው፤ ማለትም ከቅርብ ስለነበር ፊቱ ደብዝዞባት፣ አንገቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ አየችው። ይቅርታ አልጠየቀችም። «እንግዲያው ሌላ ካርድ አምጣ» አለች።

መሳቢያውን ስቦ የመንገድ ጥገናውን ካርድ አወጣ፤ አቧራውንም በጋዋኑ ጠረገ። መጀመሪያ በባዶ ዓይኗ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተደናቅፋ ቆመች። ከዚያ ክቡን የሙከራ መነጽር አፍንጫዋ ላይ አድርጎ ሌንስ እየቀያየረ አስነበባት። በሦስተኛው ሌንስ ላይ ድምፅዋ ቀጥ አለ። «የጥገና ሠራተኞች በቅድሚያ የተሰነጠቀውን ሬንጅ ያነሣሉ፤ ቀጥሎም ጉድጓዱን በጠጠር ይሞላሉ…» እስከ መጨረሻዋ የጉንዳን ዱካ ድረስ ወረደች። በሃያ ዓመት የማኅበር ሕይወቱ እንደዚያ ያለ ንባብ ሰምቶ አያውቅም። ስለ ጠጠር ነበር እኮ!

«ሐሙስ ይደርሳል» አላት። «ራሴ ስፌት ቤት አመጣዋለሁ።»

ሐሙስ አልደረሰም። ሌንሱን በማሽን ሲሞርድ አጥብቆ ተጫነውና ጠርዙ ተሰበረ። ሃያ ዓመት ሲሠራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሌላ እንዲመጣለት አስመጪው ጋ ደወለ፤ «ዓርብ ማታ» አሉት። ስልኳን አልተቀበለም፤ ይህን የመሰለ ብልህ ነው እንግዲህ።

ዓርብ ጠዋት እናትዬዋ ብቅ አሉ፤ መሐረብ ይዘው። ይህን ጊዜ ካርዱ ተቀይሯል። ሐሙስ ሌንሱ በተሰበረ ጊዜ በንዴት መቀሱን አንሥቶ ጨረቃውንና ወንዙን ቆርጦ ጥሎ፣ የታችኞቹን ሁለት መስመሮች በወፍራም እስክርቢቶ በነጭ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፏቸው ነበር። እናትዬዋ የሙከራ መነጽሩን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ማታ… በር ስከፍት… ማንም አይጠይቀኝ…»

ቆሙ።

«ይደበዝዛል እማማ?»

«አይደበዝዝም።» ሁለተኛውን መስመር በድምፅ አላነበቡትም። ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። «የእኔዋም እንዲሁ ናት» አሉ። «አፌ ነው እንጂ ክፉ፣ አውቃለሁ እኮ።» ካርቶኑን አስቀምጠው ወጡ። የተጣመመ መነጽራቸውን ረስተውት ነው የሄዱት።

ያን ዕለት ሁሉ ካርቶኑን እያየ ዋለ አሉ። አራት ዓመት የሰበሰበው «ግልጽ ነው» ሁሉ፣ ሃያ ዓመት የሰማው ጭብጨባ ሁሉ፣ ከአንዲት አሮጊት የከንፈር እንቅስቃሴ አልበለጠም። ይህን ያወቀ ሰው ዐርፎ ይቀመጣል ትላላችሁ። የለም! ማታ ሌንሱ ደርሶ መነጽሯን ሠርቶ ሲጨርስ፣ የመነጽሩን ማኅደር ከፍቶ በትንሽ ወረቀት አራት ስንኝ ሸጎጠበት። ቅዳሜ ጠዋት፣ እሑድን ሳትጠብቅ ሸሚዝ ልትወስድ ለመጣችው እኅቱ ነገሩን ሁሉ አጫወታት፤ እሷም ማኅደሩን ከፍታ ወረቀቱን አነበበችው።

«‘ዓይንሽ እንደ ጨረቃ…’ ጋሼ! እንደገና ጨረቃ?»

«ስጪኝ።»

«ይቺ ሴትዮ የምታይበት ነገር አጥታ ጣቷን ወጋች፤ አንተ ዓይኗን ጨረቃ ትላለህ! መነጽሩን ስጣት፤ አፍህን ያዝ።»

ወረቀቱን ቀዳዶ፣ የመነጽሩን ማኅደር ይዞ ሮጠ።

ስፌት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ ማሽን አንድ ላይ ሲያጓራ የሰው ድምፅ አይሰማም። በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሲፈልጋት ቀድማ ያየችው እሷ ነች፤ የሩቁን መቼም ማን ብሏት! ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ፣

«ምነው ቆየህ!» ብላ ጮኸች።

አጠገቧ ያሉት ማሽኖች ቆሙ። ቀጥሎ ያሉትም። ሴቶቹ ቀና ቀና አሉ። እሱ ደፉ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። እሷም ያለችው ነገር ለራሷ ጆሮ ደረሰ መሰለኝ፣ ፊቷ ቀላ። ግን አልመለሰችውም።

«ሐሙስ አይደል ያልከው?» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ሁለት ቀን በዳበሳ ሰፋሁ እኮ! ለምን እዚያ ትገተራለህ? አምጣው!»

አንዷ ከወዲያ «ኧረ ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣሽው?» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በሳቁ መሐል አልፎ ሄዶ መነጽሩን ሰጣት። አደረገችው። መጀመሪያ ያየችው ክሩን ሳይሆን እሱን ነው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ቁልጭ ብሎ።

«ውይ! ይህን ያህል ሸምግለሃል እንዴ?»

«አዎ» አለ።

ክሩን አነሣች፣ በአንድ ጊዜ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አስገባችው። ኃላፊዋ መጥታ ከራስጌዋ ቆመች። አንድ ሙሉ ኮሌታ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ኃላፊዋ ጃኬቱን አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ በጥፍሯ ስፌቱን ተከተለችው፣ ከዚያ ካለቁት ክምር ላይ ጥላው ሄደች። በዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

እሱ ገና እንደ ቆመ ነው። ባዶውን ማኅደር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሃያ ዓመት ቃል ሲያመርት የኖረ ሰው!

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ሳታቀና ቀጣዩን ጃኬት ሳበች። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው የምንወጣው» አለች። «እንዳትቆይ።»

ወርዶ ሰዓቱን ሲያይ ገና አራት ተኩል ነበር። ሱቁ ተቆልፏል፣ ደንበኛ ይጠብቃል፣ የእናትዬዋ መነጽር እንደ ተጣመመ ነው። ደረጃው ሥር ተቀመጠ።